የራስ ስም፣ የአባት ስምና መዝገባችን



በአገራችን ልማድ ስም ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚወረስ የቤተሰብ መጠሪያ ሳይሆን ወላጅ ስለ ልጁ የሚናገረው ቃል ነው። ታላቁ ከሞተ በኋላ የተወለደው «ምትኩ» ወይም «ካሣ» ይባላል፤ ሐዘንን ያስረሳው «ማስረሻ» ይሰኛል። ከግእዝ የመጣው «ገብረ ማርያም» ደግሞ የማርያም አገልጋይ ማለት ነው። ቀጥሎ የሚጻፈው የአባት ስም ባለስሙ የማን ልጅ እንደ ሆነ ያመለክታል እንጂ የቤተሰብ ስም አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖረው ቢደነግግም፣ ሕዝቡ በልማዱ ጸንቷል።

ለእኛ ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ነገሩ ቀላል አይደለም። የውጭውን ደንብ ተከትለን ደራሲ ሀዲስ ዓለማየሁን «ዓለማየሁ» በሚለው ሥር ብንመዘግብ፣ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ለአባታቸው መስጠታችን ነው። ገብረ ማርያምንም ከሁለት ብንከፍለው አገልጋዩ ጠፍቶ እመቤቲቱ ብቻዋን ትቀራለች።

ስለዚህ መዝገባችን በራስ ስም ይጀምር፤ የአባት ስም ይከተል፤ የተጣመረው ስም አይነጣጠል። አንባቢ ደራሲውን የሚፈልገው በሚያውቀው ስሙ ነውና።