ኩባንያ ጌታ ሲለውጥ፦ ባለ አክሲዮንና ባለ ቦንድ



ከመካከላችን አንዱ የአባቱን የአክሲዮን ወረቀት አምጥቶ «ኩባንያው ለሌላ ቢያልፍ ይህ ምን ይሆናል?» ቢለን፣ መልስ አጥተን መመርመር ጀመርን።

ምሳሌው ከእነዋሪ ሩቅ አይደለም። በ2007 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን ሥራ የጀመረው የሐበሻ ቢራ ፋብሪካ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ያዋጡበት ነው፤ ከጊዜ በኋላ ግን የኔዘርላንዱ ባቫርያ አብዛኛውን አክሲዮን ያዘ። እንዲህ ሲሆን ትንሹ ባለ አክሲዮን ወረቀቱን አይነጠቅም፤ ትርፍ ሲከፋፈልም እንደ ድርሻው ያገኛል። የሚቀንሰው ድምፁ ነው። ከ100 አክሲዮን 10 የነበረው ሰው፣ ሌላ 100 ተሽጦ እርሱ ሳይገዛ ቢቀር፣ ከመቶ ዐሥር የነበረው ድርሻው አምስት ይሆናል። ሕጉ ለነባሮቹ የመግዛት ቅድሚያ ይሰጣል፤ ገንዘብ የሌለው በቅድሚያው ምን ያደርግበታል ብለን ግን ብዙ ተከራክረናል።

ባለ ቦንድስ? ባለ አክሲዮን በሬውን ይዞ መቀናጆ የገባ ነው፤ ባለ ቦንድ ግን ዘር ያበደረ ነው። አዝመራው ቢያምር ከውሉ በላይ አያገኝም፤ ቢከፋ ቀድሞ የሚከፈለው እርሱ ነው። ኩባንያው ቢሸጥም ዕዳው አይሰረዝም። የሚያሰጋው አዲሱ ጌታ የገዛበትን ብድር በዚያው ኩባንያ ላይ ሲጭን ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1988 በአሜሪካ አር ጄ አር ናቢስኮ በብድር ሲገዛ ባለ አክሲዮኖቹ ከበሩ፤ የነባሮቹ ባለ ቦንዶች ወረቀት ግን ዋጋው ወደቀ። ቢከሱም በ1989 ፍርድ ቤቱ በውላቸው ላይ እንዲህ ያለውን ብድር የሚከለክል ቃል የለም ሲል ፈረደባቸው።

የወንድማችን አባት ወረቀት አክሲዮን ነው። ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ ግን እስከ ዛሬ አንድም ቀን ሄደው አያውቁም።