የአካልና የአእምሮ ማዕከል በኮርያ የፍልሚያ ጥበብ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተሰማ ንግግር)




ግንበኛ ግድግዳ ሲያቆም ከእጁ የማይለየው መሣሪያ ቱምቢ ነው። ክሩን አንጠልጥሎ፣ ብረቱ መወዛወዙን ትቶ ጸጥ እስኪል ድረስ ይጠብቃል፤ የግድግዳው መቅናትና መዝመም የሚታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። የሰው አካልም በስበት ሥር እንደሚኖር ማናቸውም ቁስ የራሱ ቱምቢ አለው። ልዩነቱ፣ ግድግዳ አንድ ጊዜ ከቀና ቀንቶ ሲኖር፣ የሰው አካል ግን በየቅጽበቱ እንደገና መቅናት ያለበት መሆኑ ነው። የኮርያ የፍልሚያ ጥበብ አብዝቶ የደከመበት ጉዳይ ይኸው ነው፤ ይኸውም ሰው የገዛ አካሉን ማዕከል እንዲያውቅ፣ ካወቀውም በኋላ ሲገፋና ሲደነግጥ ፈጥኖ ወደዚያው እንዲመለስ ማሠልጠን ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ጥበቡ ታሪክ ብዙ የተጋነነ ነገር ይነገራል። ቴኳንዶ የሁለት ሺህ ዓመት ዕድሜ አለው የሚለው አባባል በየማሠልጠኛው ቢደጋገምም፣ ማስረጃው የሚደግፈው ከዚህ ያነሰውን ነው። ኮርያ የቆየ የውጊያ ልምድ እንደ ነበራት አያጠራጥርም፤ በ1790 በንጉሥ ቾንግጆ ትእዛዝ የተዘጋጀው «ሙዬ ዶቦ ቶንግጂ» የተባለው ባለ ሥዕል የጦር ትምህርት መጽሐፍ፣ እንዲሁም በእግር መጥለፍና መርገጥ ላይ የተመሠረተው ቴክዮን ለዚህ ምስክሮች ናቸው። ይሁን እንጂ ዛሬ ቴኳንዶ የሚባለው ሥርዓት የተቀረጸው በአብዛኛው በ1945 የጃፓን አገዛዝ ካበቃ ወዲህ ነው፤ ከመሥራቾቹም መካከል ካራቴን በጃፓን የተማሩ ይገኙባቸዋል። ስሙ የወጣለት በ1955 ነው። ሃፕኪዶም ቢሆን መነሻው ቾይ ዮንግ ሱል ከጦርነቱ በኋላ ከጃፓን ተመልሶ በዴጉ ከተማ ያስተማረው የመጣልና መገጣጠሚያን የመቆለፍ ስልት ነው። ይህን መናገር ጥበቡን ማሳነስ አይደለም፤ ድልድይም የሚፈተነው በሚሸከመው ጭነት እንጂ በልደቱ ቀን አይደለምና።

በሁለቱም ትምህርቶች ውስጥ ዘወትር የሚነሣ አንድ ቃል አለ፤ ዳንጆን ይባላል። ቃሉ ከጥንት የቻይና የአተነፋፈስ ትምህርት የተወረሰ ሲሆን፣ ስፍራው ከእምብርት ሦስት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ፣ ወደ ሆድ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። ኃይል ሁሉ ከዚያ ይነሣል፣ ትንፋሽም እስከዚያ ይውረድ ይላሉ መምህራኑ። ሐኪም ሆድ ቢከፍት ዳንጆን የሚባል ብልት አያገኝም፤ በዚያ ይከማቻል የሚባለውን «ጊ» የተሰኘውን ኃይልም የሚለካ መሣሪያ የለም። በዚህ ምክንያት ሳይንስ የተማረ ሰው ነገሩን ከተረት ቆጥሮ ለማለፍ ይቃጣዋል። ይህ ግን ችኮላ ነው። የስበት ማዕከልም ቢሆን በቢላዋ ተፈልጎ የሚገኝ ነገር አይደለም። የቀለበት የስበት ማዕከል የሚውለው ብረት በሌለበት ባዶ ስፍራ ላይ ነው፤ ሆኖም በስሌት ላይ የቀለበቱ ክብደት ሁሉ ያረፈው በዚያ ባዶ ነጥብ ነው።

የቆመ ዐዋቂ ሰው የስበት ማዕከል ከቁመቱ ከ55 እስከ 57 በመቶ በሚሆን ከፍታ ላይ፣ በዳሌው ውስጥ ይገኛል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 ለሆነ ሰው ከወለሉ 95 ሴንቲ ሜትር ግድም ማለት ነው። ከእምብርት ሦስት ጣት ዝቅ ብሎ የሚዳሰሰው ስፍራም ከዚህ ብዙ አይርቅም። መምህራኑ ሜካኒክስ ሳይማሩ፣ በመቆም፣ በመውደቅና በመነሣት ብዛት ብቻ፣ ስሌቱ በሚያደርስበት ነጥብ አጠገብ ደርሰዋል። እንዲህ ያለው ዕውቀት ለኮርያ ብቻ የተሰጠ አይደለም። ውሃ የሞላ እንስራ ያዘለች ሴት አቀበት ስትወጣ ወደ ፊት የምታጎነብሰው የራሷና የእንስራው የጋራ የስበት ማዕከል ከእግሮቿ በላይ እንዲውል ነው፤ ይህን ከመጽሐፍ አልተማረችውም። አማርኛም ትዕግሥተኛውን ሆደ ሰፊ፣ ያዘነውን ሆዱ ባባ ሲል፣ ስሜት ማደሪያው ከደረት ዝቅ ያለ መሆኑን ያስተዋለ ይመስላል።

ሥልጠናው የሚጀመረው በርግጫ ሳይሆን በመቆም ነው። «ጁንቢ» የሚለው ትእዛዝ ሲሰጥ ሠልጣኙ ግራ እግሩን አንድ እግር ያህል ወደ ጎን ከፍቶ ይቆማል፤ እጆቹን ወደ ደረቱ እያነሣ ትንፋሽ ይስባል፤ ከዚያም ሁለቱን ጭብጦች በዝግታ እያወረደ ትንፋሹን ያስወጣና በዳንጆኑ ፊት ያቆማቸዋል። ሁሉም ጥቂት ሰኮንድ ቢፈጅ ነው። ጀማሪ ይህን ተራ ሥነ ሥርዓት አድርጎ ይቆጥረዋል። በእርግጥ የሚከናወነው ሥራ ግን ትከሻን ማሳረፍ፣ ጉልበትን ማላላትና ቀልብን መሰብሰብ ነው፤ ቀያሽ የመጀመሪያውን ንባብ ከመውሰዱ በፊት ቴዎዶላይቱን በውሃልኩ እንደሚያስተካክል ያለ ነው።

ቀጥሎ ጁቹም ሶጊ፣ ማለት የፈረስ ጋላቢ አቋቋም ይመጣል። እግሮች ይከፈታሉ፤ ጉልበቶች ይታጠፋሉ፤ ጀርባ ቀጥ ይላል። ብዙ ሳይቆይ ጭን መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ አካልም ከሥቃዩ ለማምለጥ ሰበብ ይፈልጋል፤ ያጎነብሳል፣ መቀመጫውን ወደ ኋላ ይገፋል፣ አለዚያም ለባለቤቱ እንኳ ሳይታወቀው ቀስ በቀስ ከፍ ከፍ ይላል። በዚህ ሰዓት አእምሮም አብሮ መሸሹ የሚያስደንቅ ነው። ሠልጣኙ ስለ ቤቱ፣ ስለ ሥራው፣ ስለ ሰዓቱ ያስባል። መምህሩ ወገቡን በጣቱ ነካ ሲያደርገው አካሉና ሐሳቡ በአንድ ጊዜ ይመለሳሉ። የጥበቡ ሰዎች አካልና አእምሮ አንድ ናቸው ሲሉ፣ ከፍልስፍናው በፊት የሚያመለክቱት እንዲህ ያለውን ተራ ነገር ነው።

መደቡ በሰፋና ማዕከሉ ዝቅ ባለ ቁጥር አቋቋሙ እንደሚጸና ለዚህ ጉባኤ መንገር አያስፈልግም። ነገር ግን ጽናት ዋጋ ያስከፍላል፤ ሰፍቶ የቆመ ሰው ለመንቀሳቀስ ይዘገያል። ርግጫ ደግሞ መደቡን እስከ መጨረሻ ያጠበዋል። ክብደቱ 70 ኪሎ ግራም የሆነ ሰው አንድ እግሩ ከጠቅላላው 16 በመቶ ያህል፣ ማለት 11 ኪሎ ግራም ግድም ይመዝናል። ይህ እግር ወደ ፊት በአግድም ሲዘረጋ፣ ሌላው አካል ባለበት ቢቆይ፣ የስበት ማዕከሉ ስድስት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ፊት ይሄዳል፤ መቆሚያው ግን ከአንድ የእግር መዳፍ አይበልጥም። ስለዚህ ደረት በመጠኑ ወደ ኋላ ይላል፤ ክንድ ይመልሳል። በዙር ርግጫ ጊዜ ጉልበት ታጥፎ የሚነሣው መጠነ ቁሱ ወደ ዳሌ ቀርቦ የዙረቱ ግዕዘት እንዲያንስ ነው፤ ዳሌው ፈጥኖ ከዞረ በኋላ ቅልጥሙ ይወነጨፋል። የቆመው እግር ተረከዝ አብሮ ካልዞረ ጠምዛዡ ኃይል መውጫ አጥቶ በጉልበቱ ጅማቶች ላይ ያርፋል። ባላጋራ ሳይነካው ጉልበቱን የሚጎዳ ሠልጣኝ መኖሩ በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ሊጤን የሚገባው ግን ጸጥ ብሎ መቆም ነው። ጸጥ ያለ ሰው በእርግጥ ጸጥ አላለም። የስበት መስመሩ ከቁርጭምጭሚቱ ትንሽ ፊት ስለሚያልፍ የባት ጡንቻዎች ያለማቋረጥ ይስቡታል፤ ዓይን፣ የውስጥ ጆሮና የእግር መዳፍ ወሬ ያቀብላሉ፤ አካሉም በሚሊ ሜትር እየዘመመ ይመለሳል። እንደ ተገለበጠ ፔንዱለም ነውና ቢተዉት ይወድቃል። ሚዛን ማለት እንግዲህ አለመዝመም ሳይሆን መዝመሙን ቶሎ ማወቅና በትንሹ ማረም ነው። የጀማሪና የነባር ልዩነት እዚህ ላይ ይታያል። ጀማሪው በአንድ እግር ሲቆም ላለመነቃነቅ ይገትራል፤ የገተረ አካል ወሬው ዘግይቶ ይደርሰዋል፤ ሲያርምም ከመጠን አልፎ ያርማል፤ በመጨረሻም ይወድቃል። ነባሩ ቁርጭምጭሚቱ በጥቂቱ ሲጫወት ይታያል፤ አይወድቅም። «ክምጋንግ» በተባለው የእንቅስቃሴ ቅንብር ውስጥ በአንድ እግር የሚቆሙበት የሽመላ አቋቋም ተደጋግሞ የገባው ይህ እንዲለመድ ይመስላል።

የአእምሮውም ነገር ከዚህ አይለይም። ለመጀመሪያ ጊዜ ከባላጋራ ፊት የቆመ ሰው ትንፋሹ ወደ ላይኛው ደረት ይወጣል፣ ትከሻው ወደ ጆሮው ይጠጋል፣ ጉልበቱ ይደርቃል፤ ትንሽ ግፊት ይጥለዋል። አትፍራ ቢሉት አይረዳውም። የልቡን ምት በትእዛዝ ሊያዘገየው አይችልም፤ ትንፋሹን ግን ማርዘም ይችላል። ትንፋሽ ሲገባ የልብ ምት በመጠኑ እንደሚፈጥን፣ ሲወጣ እንደሚዘገይ በሕክምና የታወቀ ነው። ሃፕኪዶ ትምህርቱን በዳንጆን አተነፋፈስ መክፈቱና መዝጋቱ ለእጅ የማይደረሰውን ነገር የሚደረስበት እጀታ ስላገኘ ነው። «ኪሃፕ» የሚባለው ጩኸትም ባላጋራን ለማስደንገጥ ብቻ አይደለም፤ ትንፋሽ በድንገት ሲወጣ የሆድና የወገብ ጡንቻዎች ይጠነክራሉ፤ ከወለሉ የተነሣው ኃይልም በመካከል ሳይባክን እስከ ጭብጡ ይደርሳል። መውደቅ ራሱ ትምህርት አለው፤ ሠልጣኙ ሰውነቱን እያንከባለለና ወለሉን በክንዱ እየመታ ግጭቱን በሰፊ ገላና በረዘመ ጊዜ ላይ ማከፋፈል ይለማመዳል። መውደቅ የማይፈራ ሰው ለመቆም ብዙ አይገትርም።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን ጥቁር ቀበቶ የታጠቀ ሁሉ ማዕከሉን አግኝቷል ማለት አይደለም። በ2000 በሲድኒ ኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘ ቴኳንዶኛ በ2008 በቤጂንግ ለጉዳቱ የተሰጠው ጊዜ አልፎ ተሸንፈሃል ቢባል ዳኛውን ፊቱን በርግጫ መታው፤ ለዕድሜ ልክም ታገደ። ርግጫው በአካል ሚዛን ረገድ እንከን ያለበት አልነበረም። የጎደለው ሌላው ነበር።

በዚያው ጨዋታ የአንድ ግጥሚያ ውጤት ከታወጀ በኋላ በመገልበጡ የዳኞች ዓይን እምነት አጣ። ስለዚህ በ2012 በለንደን ምትን የሚመዘግብ የኤሌክትሮኒክ ደረት መከላከያ በኦሎምፒክ ሥራ ላይ ዋለ። ዓላማው ቅን ነበር፤ ማዳላትን ቀንሷል። ዳሩ ግን ለዚህ ጉባኤ እንግዳ ያልሆነ ነገር ተከተለ፤ መለኪያው የሚለካውን ነገር ለወጠው። ተወዳዳሪዎች የፊት እግራቸውን አንሥተው በአየር ላይ እንደ ሻሞላ መሻማት ጀመሩ፤ ከወለል ተነሥቶ በዳሌ አልፎ የሚመጣው ርግጫ መከላከያውን ነካ ለሚያደርግ እግር ስፍራ ለቀቀ። መሣሪያው መነካትን ይመዘግባል፤ ነኪው በምን ዓይነት ሚዛን ላይ እንደ ቆመ አይጠይቅም። ሕጉ ከዚያ ወዲህ እየተሻሻለ ነው። በቶኪዮ ጨዋታ፣ ማለት በ2021፣ ኢትዮጵያም በቴኳንዶ ተወዳዳሪ አሰልፋ ነበርና ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም፤ በዚህም አገር መምህራን ለነጥብ ያሠልጥኑ ወይስ ለአቋም የሚለውን መምረጥ ይኖርባቸዋል። ሁለቱንም በእኩል ማድረግ ይቻላል የሚሉ አሉ፤ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ብቻ ለሚሠለጥን ሰው ግን ይህ የሚሆን አይመስልም።

አቋምን የሚለካ አሮጌ መሣሪያ ግን በጥበቡ ውስጥ አለ፤ እርሱም «ፑምሴ» ነው። ይህ ሠልጣኙ በምናብ ባላጋራ ላይ ብቻውን የሚሠራው የእንቅስቃሴ ቅንብር ነው። የጀማሪዎቹ ስምንት የ«ቴጉክ» ፑምሴዎች በጥንቱ የለውጥ መጽሐፍ ውስጥ ባሉት ስምንት ምልክቶች፣ ከሰማይ እስከ ምድር፣ የተሰየሙ ናቸው። ሠልጣኙ ከአንድ ነጥብ ይነሣል፤ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝና ወደ ፊት ይራመዳል፤ ይዞራል፤ በመጨረሻም ከተነሣበት ነጥብ ላይ ተመልሶ መቆም አለበት። ቀያሾች ይህን ያውቁታል፤ ዝግ ትራቨርስ ነው። በየእርምጃው የተሠራች ትንሽ ስሕተት፣ የአጠረች አቋቋም፣ ያልሞላች ዙረት፣ በመንገድ ላይ አትታይም፤ መዝጊያው ላይ ግን ተደምራ ትወጣለች። ስሕተቱ የተሠራበትን እርምጃ ማንም ሌላ ሰው ሊነግረው አይችልም፤ በአእምሮው ወደ ኋላ እየሄደ ራሱ ይፈልገዋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘውም ሐሳቡ የሄደበት እርምጃ ላይ ነው።

በትምህርቱ ማብቂያ፣ ሌሎቹ ቀበቷቸውን ፈትተው ሲያጥፉ፣ አንድ ጎልማሳ ሠልጣኝ ፑምሴውን ጨርሶ ቆሟል። ላቡ ይንጠባጠባል፤ ትንፋሹ ግን ወርዷል። መምህሩ ስለ ርግጫውም ስለ ጭብጡም አንዳች አልተናገረም፤ ወደ ወለሉ ብቻ ያመለክታል። ሠልጣኙ ዝቅ ብሎ ያያል፤ ከተነሣበት መስመር ግማሽ እርምጃ ወደ ግራ ወጥቷል። እጅ ይነሣል፤ ወደ መነሻው ይመለሳል፤ ጭብጦቹን እያወረደ እንደገና ይተነፍሳል።