ሕገ መንግሥቱ ይሻሻል ወይስ እንለያይ?

የፓርቲያችን ዋና ጸሐፊ ለከተማ መራጮች ያደረጉት ንግግር ሙሉ ቃል



በዚህ የምርጫ ዘመቻ በየከተማው አዳራሽ ስንዞር ከኑሮ ውድነትና ከቤት ኪራይ ቀጥሎ ደጋግሞ የሚቀርብልን ጥያቄ አንድ ነው። በቅርቡ ባደረግነው ስብሰባ ላይ አንድ አዛውንት ተነሥተው፣ «ልጆቼ፣ እናንተ ሕጉ ይሻሻል ትላላችሁ። አብሮ መኖር ካቃተን ግን ለምን በሰላም አንለያይም? ባልና ሚስትስ ይፋቱ የለም ወይ?» አሉን። ግማሹ አዳራሽ አጨበጨበ፤ ግማሹ አጉረመረመ። በዕለቱ የሰጠናቸው መልስ አጭር ነበር፤ እኛንም አላረካንም። የዛሬው ንግግራችን ለእኚህ አባት የዘገየ መልስ ነው።

በመጀመሪያ፣ ጥያቄውን የአገር ክህደት ነው ብለን አናልፈውም። የአገሪቱ የበላይ ሕግ ራሱ በአንቀጽ 39 «እስከ መገንጠል» ብሎ የጻፈውን ነገር አንድ ዜጋ አንሥቶ ቢጠይቅ ጥፋተኛ ሊባል አይገባውም። ይልቁንስ ያ አንቀጽ ምን ብሎ ምን እንደተወ አብረን እንመልከት። ብዙ ሰው ይሟገትበታል እንጂ እስከ መጨረሻው ያነበበው ጥቂት ነውና።

ሕገ መንግሥቱ በኅዳር 1987 ዓ.ም. ጸድቆ በነሐሴ ወር በዚያው ዓመት በሥራ ላይ ሲውል፣ የመገንጠሉን ሥርዓት በአምስት አጫጭር መስመሮች ደነገገው። የጠያቂው ብሔር ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያጸድቃል፤ የፌዴራሉ መንግሥት ውሳኔው በደረሰው በ3 ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያደራጃል፤ ጥያቄው በአብላጫ ድምፅ ይደገፋል፤ ሥልጣን ይረከባል፤ ንብረትም «በሕግ በሚወሰነው መሠረት» ይከፋፈላል። በቃ፣ ይኸው ነው። ድንበሩ በየት በኩል ያልፋል? አንቀጹ አይናገርም። በሕዝበ ውሳኔው ድምፅ የሚሰጠው የዚያ ብሔር ተወላጅ ብቻ ነው ወይስ በቦታው የሚኖር ሁሉ? አይናገርም። በማግሥቱ «የውጭ ዜጋ» የሚሆነው ነጋዴ፣ መምህር፣ የቀን ሠራተኛ ቤቱና ጡረታው ምን ይሆናል? እሱንም አይናገርም። በዚያ ላይ መብቱ የተሰጠው ለብሔር ነው፤ ወሰንና ምክር ቤት ያለው ግን ክልል ነው፤ በአንድ ክልል ውስጥ ደግሞ ስንት ሕዝብ እንዳለ እናንተው ታውቃላችሁ።

አዛውንቱ በፍቺ መሰሉት። ፍቺም እኮ ዳኛ ይፈልጋል፤ የንብረት መዝገብ ይፈልጋል፤ ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚያድጉ የሚወስን ይፈልጋል። በኛ አገር ዳኛውም የለም፤ ንብረቱም አልተመዘገበም፤ ልጆቹም እናንተ የከተማ ነዋሪዎች ናችሁ። አባቱ ከአንዱ ክልል፣ እናቱ ከሌላው፣ እርሱ የተወለደው በሦስተኛው የሆነ ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥ ስንት ነው? እጅ አውጡ አንላችሁም።

መለያየትን የሚመክሩን ወገኖች ሁልጊዜ የሚጠቅሱልን ቼኮዝሎቫኪያን ነው። እውነት ነው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጥር 1 ቀን 1993 ያለ አንዲት ጥይት ሁለት አገር ሆነዋል። ነገር ግን በሁለቱ ሪፐብሊኮች መካከል ያለው ወሰን ቀድሞ የታወቀና ማንም የማይከራከርበት ነበር፤ ሁለቱ ሕዝቦችም በአብዛኛው በየራሳቸው ሪፐብሊክ ይኖሩ ነበር፤ የጋራ ንብረቱንም በጥቅሉ ሁለት እጅ ለቼክ፣ አንድ እጅ ለስሎቫክ ብለው በሕግ ተካፈሉ። ከዚህ ሦስት ነገር በኛ ዘንድ አንዱስ አለ?

ለኛ የሚቀርበው ምሳሌ ሩቅ አይደለም። ኤርትራ በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. በተደረገ ሕዝበ ውሳኔ በ99.8 በመቶ ድምፅ ተለየች። በድምፁ ላይ ክርክር የለንም፤ ሕዝቡ የፈለገውን መርጧል። ጥፋቱ የተሠራው በሁለቱ መሪዎች ጠረጴዛ ላይ ነው። ወሰኑ በምድር ላይ ሳይከለል፣ ዜግነት ሳይለይ፣ የአሰብ ወደብ አጠቃቀምና የገንዘብ ጉዳይ በማያሻማ ውል ሳይታሰር፣ «ወንድማማች ነን፣ በኋላ እንነጋገራለን» ተብሎ ታለፈ። አምስት ዓመት ቆየ። በ1990 ዓ.ም. ኅዳር ኤርትራ የራሷን ገንዘብ አወጣች፤ በዚያው ዓመት ግንቦት ባድመ ላይ ጦርነት ተነሣ፤ በሁለቱም ወገን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ወጣት አለቀ። ከዚህና ከዚያ ሰዎች ከነልጆቻቸው ከቤታቸው ተነቅለው በአውቶቡስ ድንበር ላይ ተራገፉ። ከዚያም ስልክ እንኳ ተቋርጦ 20 ዓመት ኖርን። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. መስመሩ ሲከፈት ሰዎች የማያውቁትን ቁጥር እየደወሉ ሰላም ይባባሉ የነበረው ለቀልድ አልነበረም። ከመካከላችሁ የዚያን ሰሞን ስልክ ይዞ ያለቀሰ እንዳለ እናውቃለን።

ደቡብ ሱዳንም በ2011 እ.ኤ.አ. ጥር ወር 98.83 በመቶ በሚሆን ድምፅ ወጣች፤ አቢዬ የማን እንደሆነች ሳይወሰን ቀረ፤ አዲሲቱ አገርም ሦስት ዓመት ሳይሞላት በ2013 እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ እርስ በርሷ ተዋጋች። መለያየት ክፍፍሉን አላቆመውም።

እኛ ጋ ደግሞ የአገር ድንበር ሳይሆን የክልል ወሰን ብቻ ሆኖ ያደረገውን አይተናል። በ1997 ዓ.ም. ጥቅምት በኦሮሚያና በሶማሌ ክልል መካከል ባሉ ከ400 በላይ ቀበሌዎች ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ ነበር። ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ2009 እና በ2010 ዓ.ም.፣ በዚያው አካባቢ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈናቀሉ። ያ ወሰን ፓስፖርትና ታንክ ቢቆምበት ኖሮ ብላችሁ አስቡት።

እንግዲህ «አንለያይም» ካልን ቀጣዩ ጥያቄ «ታዲያ አንቀጽ 39 ይሰረዝ?» የሚል ነው። እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁን የምናስከፋ መሆናችንን እናውቃለን። ከተማ ውስጥ ድምፅ ለማግኘት ቀላሉ መንገድ «ምረጡን፣ አንቀጽ 39ን እንሰርዛለን» ማለት ነው። ይህን የሚላችሁ ፓርቲ አንቀጽ 105ን አላነበበም፤ አንብቦ ከሆነም እያታለላችሁ ነው። አንቀጽ 39 የሚገኘው በምዕራፍ ሦስት ነው። በዚያ ምዕራፍ ያለን ነገር ለማሻሻል የሁሉም ክልሎች ምክር ቤቶች በአብላጫ ድምፅ፣ የተወካዮች ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤትም በሁለት ሦስተኛ መስማማት አለባቸው። ዛሬ ክልሎች 12 ናቸው። ከ12ቱ 11ዱ ተስማምተው አንዱ እምቢ ቢል ነገሩ አበቃ። የተወካዮች ምክር ቤትን ወንበር ሁሉ እኛ ብንይዘው እንኳ አንችልም። በጉልበት ይሰረዝ ቢባል ደግሞ ለመገንጠል ያላሰበውን ሁሉ «ለካ ይፈለግብን የነበረው ይህ ነው» አሰኝቶ ወደ በሩ መግፋት ይሆናል።

ስለዚህ ፓርቲያችን የሚጠይቀው ስረዛን አይደለም። አንቀጹ የዘለላቸው ጥያቄዎች ይመለሱ ነው የምንለው፤ ማን ድምፅ ይሰጣል፣ ወሰኑ እንዴት ይወሰናል፣ በቦታው የሚኖረው ሌላው ዜጋ ምን ዋስትና አለው? ካናዳ ኩቤክ በ1995 እ.ኤ.አ. ለጥቂት ድምፅ ከመገንጠል ከተረፈች በኋላ ጥያቄውን ለጠቅላይ ፍርድ ቤቷ አቀረበች። ፍርድ ቤቱም በ1998 እ.ኤ.አ. አንድ ወገን ብቻውን ወስኖ መውጣት አይችልም፤ ነገር ግን ግልጽ ጥያቄ በግልጽ አብላጫ ድምፅ ከተደገፈ ሌላው ወገን የመደራደር ግዴታ አለበት ብሎ መለሰ። ይህ መልስ ማንንም ሙሉ በሙሉ አላስደሰተም፤ ሁለቱም ወገኖች ግን ዳኛ አገኙ።

ዳኛ የሚለውን ቃል ደጋግመን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በኛ ሕገ መንግሥት የመጨረሻ ተርጓሚው ፍርድ ቤት ሳይሆን የፌዴሬሽን ምክር ቤት፣ ማለትም የፖለቲካ ተወካዮች ጉባኤ ነው። የዚህን ውጤት ሁለት ጊዜ እናሳያችሁ። በ1992ቱ ምርጫ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ለውድድር የቀረቡ ሰዎች የአካባቢውን ቋንቋ አትናገሩም ተብለው ታገዱ። አቤት አሉ። ውሳኔ ያገኙት በ1995 ዓ.ም. ነው። ምክር ቤቱ እጩ የክልሉን የሥራ ቋንቋ ማወቅ አለበት፤ የዚያ ክልል የሥራ ቋንቋ ግን አማርኛ ስለሆነ መታገዳቸው ትክክል አልነበረም አለ። ፍርዱ መጣ፤ ምርጫው ግን ካለፈ ሦስት ዓመት ሆኖታል።

ሁለተኛውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። በ2012 ዓ.ም. ምርጫው በወረርሽኙ ምክንያት ሲራዘም አራት አማራጮች ቀረቡ፤ አንዱ ሕገ መንግሥቱን ማሻሻል ነበር። የተመረጠው ግን ትርጉም ነው። ተርጓሚውም የሥራ ዘመኑ በሚራዘመው ገዥ ፓርቲ የተሞላ ምክር ቤት ነበር። ትግራይ ትርጉሙን አልቀበልም ብላ በጳጉሜን 2012 የራሷን ምርጫ አደረገች፤ በጥቅምት 2013 ጦርነቱ ተጀመረ፤ እስከ ጥቅምት 2015 የፕሪቶሪያ ስምምነት ድረስ የሆነውን እናንተው ታውቁታላችሁ። ገለልተኛ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ቢኖር ጦርነቱ ባልተነሣ ነበር ብለን አንምልም፤ ሌሎች ምክንያቶችም ነበሩ። ነገር ግን ሁለቱም ወገኖች በአንድ ሕግ ስም ሲማልሉ ሁለቱም የሚያምኑት አንድ ዳኛ በአገሪቱ አልነበረም።

የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ማቋቋም ደግሞ ከምዕራፍ ሦስት ውጭ ያለ ጉዳይ ነው። የሁለቱን ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ሁለት ሦስተኛ ድምፅና ከ12ቱ ክልሎች የ8ቱን ስምምነት ብቻ ይጠይቃል። ይቻላል፤ የምንጀምረውም ከዚህ ነው።

ከክልሉ ተወላጅ ውጭ ናችሁ ለሚባሉት የከተማ ነዋሪዎች ግን ማሻሻያ እስኪደርስ መጠበቅ አያስፈልግም። አንቀጽ 32 በፈለጉበት የመኖርን፣ አንቀጽ 38 የመምረጥና የመመረጥን፣ አንቀጽ 41 የመሥራትን መብት ለእያንዳንዱ ኢትዮጵያዊ ሰጥተዋል። መብቱ ተጽፏል፤ የሚያስፈጽመው ሕግና የሚከሰስበት ቦታ ነው የጠፋው። ለብዙ ዓመታት በቀበሌ መታወቂያችን ላይ «ብሔር» የሚል መስመር ነበር። አንድ ሰው በትውልዱ ምክንያት ሥራ፣ ንግድ ፈቃድ ወይም እጩነት ሲከለከል በፍጥነት የሚዳኝበትን አዋጅ በመጀመሪያው የምክር ቤት ዘመን እናቀርባለን።

በአንቀጽ 104 መሠረት የማሻሻያ ሐሳብ ለሕዝብ ውይይት መቅረብ አለበት። ረቂቁን በክልሎች የሥራ ቋንቋዎች አስተርጉመን በየቀበሌው አዳራሽ እናወርደዋለን። አንድ የክልል ምክር ቤት አልቀበልም ካለ ምክንያቱን ሄደን እንጠይቃለን፤ ተመልሰንም ለእናንተ እንነግራለን። ያንን አንቀጽ ሳናሻሽለው ልንቀር እንችላለን። ይህንንም ከአሁኑ አውቃችሁ ምረጡን።

አዛውንቱ አባታችን ዛሬ ከመካከላችሁ ካሉ፣ ጥያቄያቸውን ከእርሳቸው እንጀምር። ማይክሮፎኑን ስጧቸው።