መሪው ማን ይሁን?
በኮምፒዩተር ጨዋታ ውስጥ ስለሚደረግ የታሪክ ሰዎች ምርጫ

(በቡሬ ከተማ በተደረገ የአባሎች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ርእሴ እንግዳ ሊመስላችሁ ይችላል። ስለ ድልድይ ወይም ስለ ኤሌክትሪክ መሥመር ሳይሆን ስለ ጨዋታ ልናገር ተነሥቻለሁና። ነገር ግን ጨዋታው የተሠራው በሞያችን መሣሪያ፣ ይኸውም በሒሳብና በሞዴል ስለሆነ፣ እኛን አይመለከትም ለማለት አይቻልም።

ሲቪላይዜሽን የተባለው ጨዋታ ተጫዋቹ አንድን ሕዝብ ከጥንት ዘመን አንሥቶ እስከ ጠፈር ጉዞ እንዲያደርስ የሚጠይቅ ነው። መሪ ሆኖ የተመረጠውም ሰው በሺሕ ለሚቈጠሩ ዓመታት ሳይሞትና ሳይሻር ይገዛል። ለኢትዮጵያ በ1999 ዓ.ም. ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ በ2004 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ዳግማዊ ምኒልክ ተመርጠውላታል።

ባለፈው ክረምት እዚሁ ቡሬ፣ የእኅቴ ልጅና ጓደኞቹ አንድ ላፕቶፕ ከበው ሲከራከሩ ደረስሁባቸው። አንዱ «ምኒልክ ይገባቸዋል፤ የዐድዋን ጦር የመሩ እርሳቸው ናቸው» ይላል። ሌላው «አገራችንን በጦር ያስገበረ ንጉሥ እንዴት የእኔ መሪ ይሆናል?» ሲል ይመልሳል። ከሁሉም የሚያንሰው ልጅ ግን በጨዋታው ውስጥ «የኦሮሞ ፈረሰኛ» የተባለውን ተዋጊ በጣቱ እያሳየ፣ «ጋሼ፣ የዚህስ ሰው ስሙ ማን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። ለንጉሡ ስምና መልክ ተሰጥቷቸዋል፤ ለፈረሰኛው የተሰጠው ፈረስ ብቻ ነው።

እኛ አንድን ምሰሶ ስናሰላ እውነተኛውን ዓለም አቃልለን ነው የምንሠራው። ማቃለሉ ጥፋት አይደለም። ጥፋት የሚሆነው ምን እንደተተወ በሒሳቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሳይጻፍ ሲቀር ነው። በእኔ አስተያየት የጨዋታው ጉድለት አንድ መሪ መምረጡ ሳይሆን የተወውን አለመናገሩ ነው።

ምሳሌ ላቅርብ። በ2004ቱ እትም ለኃይለ ሥላሴ «የዐድዋ መንፈስ» የተባለ ችሎታ ተሰጥቷል፤ ከእርሳቸው የበለጡ ከተሞች ካሉት ባላጋራ ጋር ሲዋጉ የጦራቸው ኃይል በ20 በመቶ ይጨምራል። ትንሹ ትልቁን የሚገጥምበት ይህ ደንብ በራሱ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ንጉሡ የተወለዱት በሐምሌ 1884 ዓ.ም. ስለሆነ፣ በየካቲት 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ድል ሲደረግ አራት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃን ነበሩ። በ2012ቱ እትምም የምኒልክ ችሎታ «የሚኒስትሮች ምክር ቤት» ይባላል። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን መሾማቸው እውነት ነው። ዳሩ ግን ችሎታው የሚሠራው በኮረብታ ላይ ለተቈረቈሩ ከተሞች ዕውቀትና ባህል በመጨመር፣ በኮረብታ ላይ ለሚዋጋ ጦርም ኃይል በመስጠት ነው። ስምና ሥራ አልተገናኙም።

አሁን ወደ አካባቢያችን ታሪክ ልመለስ። በጨዋታው ዋና ከተማ ሲማረክ ቤተ መንግሥቱ ወደ ሌላ ከተማ ይዛወራል፤ መሪው ግን ያው ነው። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. በአገራችን የሆነው ከዚህ የተለየ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ውጭ አገር ወጡ፤ አዲስ አበባ በጠላት እጅ ገባች፤ የመንግሥቱም መቀመጫ ከዚህ ከቡሬ ብዙ በማትርቀው በጎሬ ሆነ። በዚያም ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ ጎሹ ኃላፊነቱን ያዙ፤ ራስ እምሩም እንደራሴ ሆነው ተሾሙ። በወለጋ ደግሞ ወጣት ምሁራንና የሆለታ የጦር ትምህርት ቤት ልጆች ጥቁር አንበሳ የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። ሊቀ መንበሩ የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ። ማኅበሩ በደንቡ ውስጥ የጦሩ ክፍል ለሲቪሉ ክፍል እንዲታዘዝ ወስኖ ነበር። ጎሬ በኅዳር 1929 ዓ.ም. ተያዘች፤ ይሁንና በእነዚያ ወራት አገሪቱ መሪ አልነበራትም ማለት አይቻልም። መሪነቱ በብዙ ሰዎች እጅ ነበር።

በ2017 ዓ.ም. የወጣው ሰባተኛው እትም መሪን ከሕዝብ ለይቶ አቅርቧል። የዛዛው ንግሥት አሚና አክሱምን ልትመራ ትችላለች፤ ዘውድ ያልጫኑት ኮንፊሺየስና ሐሪየት ተብማንም ከመሪዎቹ መካከል ናቸው። እትሙ በወጣበት ጊዜ ከመሪዎቹ መካከል ኢትዮጵያዊ አልነበረም። እንግዲህ መሪ ለመሆን ዘውድ ግዴታ ካልሆነ፣ የእንስሳት ሐኪምም ሊታጭ ይችላል።

ስለዚህ ለሚመርጥ ሁሉ ሦስት ጥያቄ አቀርባለሁ። የተመረጠው ሰው ምን ሠራ? የተሰጠው ችሎታ በእርግጥ ከሥራው የወጣ ነውን? በእርሱ መመረጥ ማን ተሸፈነ? ሦስተኛውን ጥያቄ የምኒልክ ወዳጅም ሆነ ነቃፊ ሊሸሸው አይገባም።

ፕሮግራም መጻፍ ለምትችሉ ወጣት አባሎቻችን ደግሞ አንድ አደራ አለኝ። የ1928ቱን ጎሬ በጨዋታ መልክ ሥሩልን። መሪው አንድ ሰው ሳይሆን ምክር ቤት ይሁን፤ የፈረሰኛውም ስም ከየመንደሩ ሽማግሌዎች ተጠይቆ ይጻፍ። ያ ልጅ መልሱን ገና ከእኔ እየጠበቀ ነው።