የፈሰሰ ውሃ ይታፈሳልን?
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



ለዛሬው በዓል ስለ አንድ የሳይንስ ጉዳይ እንድንናገር በታዘዝን ጊዜ፥ ከመካከላችን ስለ ጠፈር ጉዞ ይሁን ያሉ ነበሩ፤ ስለ ኮምፒዩተር ይሁን ያሉም ነበሩ። በመጨረሻ ግን ከማናችንም አፍ የማይርቀውን ነገር መረጥን። ይኸውም ጥርስን አቅፈው የሚይዙት ድድና አጥንት ናቸው።

በየቤታችን እንደምናየው ሰው ዕድሜው ሲገፋ ጥርሱ መነቃነቅ ይጀምራል፤ ቆሎ መቆርጠም ያቅተዋል፤ ከዚያም አንዱ ጥርስ ሌላውን እየተከተለ ይወልቃል። ነገሩም «እርጅና ነው» ተብሎ ይታለፋል። ነገር ግን ጥርስን የሚያወልቀው ዕድሜ ብቻውን አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ በሽታ ነው። በሽታ ከሆነ ደግሞ መነሻው ሊታወቅ፥ ጉዞውም ሊገታ ይችላል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2022 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ባወጣው ዘገባ፥ ይህ በሽታ እጅግ የጸናባቸው ሰዎች በዓለም ላይ 1 ቢሊዮን ያህል እንደሚሆኑ ገልጿል። እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው፤ አንድ ጊዜ የጠፋ የድድ ሥጋና አጥንት ተመልሶ ሊበቅል ይችላልን?

አስቀድመን የጥርስን አቀማመጥ እንመልከት። ጥርስ በመንጋጋ ውስጥ እንደ ሚስማር ተመትቶ የገባ አይደለም። ሥሩ ሲሜንቱም በሚባል ስስ ሽፋን ተለብጧል፤ በዙሪያውም አጥንት አለ። በሁለቱ መካከል ጥቃቅን የጅማት ክሮች አንደኛውን ጫፋቸውን በሲሜንቱም፥ ሌላውን በአጥንት ውስጥ ቀብረው ጥርሱን ይይዙታል። አጥብቀን ስናኝክ ግፊቱን የሚያለዝቡልን እነዚህ ክሮች ናቸው። ድድም ከላይ ሆኖ ሁሉን ይሸፍናል።

ጥርስ በሚገባ ካልጸዳ ባክቴሪያዎች ልስልስ ንጣፍ ሆነው በድድ ጠርዝ ላይ ይለጠፋሉ። ይህም ሲቆይ በምራቅ ውስጥ ባሉት ማዕድናት እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ያን ጊዜ ድድ ይቀላል፤ ያብጣል፤ ሲነካም ይደማል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1965 በዴንማርክ አገር፥ በኦርሁስ ከተማ፥ ሐራልድ ሎ የተባሉ ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህን በግልጽ አሳዩ። ድዳቸው ጤነኛ የሆነ 12 ሰዎች፥ አብዛኞቹም እንደ እኛው ተማሪዎች የነበሩ፥ ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲተዉ ተደረገ። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የሁሉም ድድ ታመመ። እንደገና ማጽዳት በጀመሩ ጊዜ ግን ወደ ጤንነቱ ተመለሰ። ስለዚህ በሽታው ገና በድድ ላይ ብቻ ሳለ በቀላሉ ይድናል ማለት ነው።

ችላ ከተባለ ግን በብዙ ሰዎች ላይ ወደ ታች ይዘልቃል። ሰውነትም ከባክቴሪያዎቹ ጋር ሲዋጋ የራሱን ክሮችና አጥንት ያፈርሳል። በድድና በጥርስ መካከል ጥልቅ ኪስ ይፈጠራል፤ አጥንቱም ዝቅ እያለ ይሄዳል። ይህ ሁሉ ሲሆን ብዙ ጊዜ ሕመም ስለማይሰማ፥ ሰውየው የሚነቃው ጥርሱ ሲነቃነቅ ነው።

አባቶቻችን «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» ይላሉ። የጠፋውም አጥንት ለረጅም ዘመን እንዲሁ ይቈጠር ነበር። ሐኪሙ ኪሱን ከፍቶ ድንጋዩን ሲፍቅ ቁስሉ ይሽራል፤ በሽታውም ይቆማል፤ ዳሩ ግን አጥንቱና ክሮቹ እንደ ቀድሞው አይመለሱም። ምክንያቱ ምን ይሆን?

አንቶኒ ሜልቸር የተባሉት የቶሮንቶ ሊቅ በ1976 ያቀረቡት ሐሳብ መንገዱን ከፈተ። እንደ እርሳቸው አባባል፥ የቁስሉ አሻሻር የሚወሰነው የጥርሱን ሥር ቀድመው በሚደርሱበት ሕዋሳት ነው። የድድ ሽፋን ሕዋሳት ፈጣኖች ናቸው፤ ሥሩን ተከትለው ወርደው ቦታውን ይይዙታል። አዲስ ክርና ሲሜንቱም ሊሠሩ የሚችሉት የጅማቱ ሕዋሳት ግን አዝጋሚዎች ናቸው፤ ሲደርሱ ቦታው ተይዞ ያገኙታል። አረም ቀድሞ በወረሰው መሬት ላይ ጤፍ እንደማይበቅል ገበሬ ያውቃል፤ ይህም እንደዚያው ነው።

እንግዲህ አጥር ቢታጠርስ? በ1982 በስዊድን አገር ስቱረ ኒማን፥ ያን ሊንደና ባልደረቦቻቸው የአንድ ሕመምተኛን የታች የፊት ጥርስ ሥር ካጸዱ በኋላ፥ በድዱና በሥሩ መካከል ስስ የማጣሪያ ሽፋን አኖሩ። ከ3 ወር በኋላ ጥርሱን ከነአካባቢው አውጥተው በማይክሮስኮፕ ቢመረምሩት፥ ቀድሞ በሽታ በነበረበት ሥር ላይ አዲስ ሲሜንቱም፥ በእርሱም ውስጥ የተቀበሩ አዳዲስ ክሮች ተገኙ። ፈጣኑ ሲከለከል አዝጋሚው ሥራውን መሥራት ችሎ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሥራው ሰፍቷል። በሰውነት ውስጥ ራሱ የሚሟሟ ሽፋን ተገኘ፤ ስለዚህ ሽፋኑን ለማውጣት ሁለተኛ ኦፕራሲዮን ማድረግ ቀረ። ጕድጓዱን ከሕመምተኛው ከራሱ፥ ከሌላ ሰው ወይም ከከብት በተወሰደ፥ አለዚያም በፋብሪካ በተሠራ የአጥንት ቅንጣት መሙላትም ተለመደ። በ1997 ደግሞ ስዊድናዊው ላርስ ሐማርስትሮምና ባልደረቦቻቸው በመፈጠር ላይ ካለ የአሳማ ጥርስ የወጣ ፕሮቲን በሥሩ ላይ ቢቀባ፥ ጥርስ መጀመሪያ ሲፈጠር የሆነው ሥራ በከፊል እንደገና እንዲጀመር እንደሚረዳ ገለጡ። በጃፓንም በ2016 ሕዋሳትን ለዕድገት የሚቀሰቅስ መድኃኒት ለዚሁ ሕክምና ተፈቀደ።

ነገር ግን ከእውነቱ በላይ ተስፋ መስጠት አይገባንም። ይህ ሕክምና ይበልጥ የሚሠምረው አጥንቱ በአንድ ጥርስ አጠገብ ጠባብና ጥልቅ ሆኖ በተቦረቦረበት ቦታ ነው፤ የቀረው የአጥንት ግድግዳ አዲሱን እድገት ይደግፈዋልና። አጥንቱ በሁሉም ጥርሶች ዙሪያ እኩል ዝቅ ብሎ እንደሆነ ግን የሚመለሰው ጥቂት ነው። ትምባሆ በሚያጤስና የስኳር በሽታው ባልተገታለት ሰው ላይም ውጤቱ ይቀንሳል። ሕክምናው የሠለጠነ ባለሙያና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ከሁሉም በላይ፥ ጥርሱ በየቀኑ ካልጸዳ የበቀለው ተመልሶ ይጠፋል። ስለዚህ የፈሰሰው ውሃ በከፊል ይታፈሳል፤ ማሰሮውን አለመድፋት ግን እጅግ ይሻላል።

ወላጆቻችን ሆይ፤ ድድ ሲደማ ማጽዳትን መተው በሽታውን ማገዝ ስለሆነ፥ «እስኪሽር አትንካው» አትበሉን። የእናንተም ጥርስ ሲነቃነቅ ይነቀል ከማለታችሁ በፊት መዳን ይችል እንደሆነ ሐኪም ጠይቁልን፤ ጥርሳችሁን ይዛችሁ በምርቃታችን ቀን አብራችሁን ቆሎ እንድትቆረጥሙ እንወዳለንና።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ብሩሽ ያለው በብሩሽ፥ መፋቂያ ያለው በመፋቂያ ያጽዳ። ሰው የሚያየውን የፊት ጥርስ ብቻ ሳይሆን የኋለኛውንና የውስጡን፥ ይልቁንም ድድና ጥርስ የሚገናኙበትን ጠርዝ አንርሳ። ትምባሆንም ከመጀመሪያው እንራቀው።

መምህራኖቻችን ሆይ፤ አዝጋሚ የሆነው ፈጣኑ እንዳይሻማው ቦታ ቢጠበቅለት ምን ሊሠራ እንደሚችል ከአንዲት ጥርስ ተምረናል። በክፍልም ውስጥ ለአዝጋሚው ቦታ ጠብቃችሁ እዚህ ላደረሳችሁን እናንተ ምስጋናችን የላቀ ነው።

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን የአባቶች ምክር ዛሬ ማታ ከመተኛታችን በፊት በየቤታችን እንፈጽመው።