ስለ ኤሌክትሪክ መኪናና ስለ መንገድ ሒሳብ
(በትምህርት ቤታችን የልደት በዓል ላይ የተነገረ)



በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ በኤሌክትሪክ የሚሄዱት እየበዙ ናቸው። ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ነገር ግን በመካከሉ የዓባይ በረሃ አለ። ከድልድዩ እስከ ደጀን ያለው ዳገት ከፍታው 1,300 ሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ በፊዚክስ ትምህርታችን ብናሰላው፣ 2,000 ኪሎ የሚመዝን መኪና ዳገቱን ለመውጣት ብቻ 7 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ሲወርድ ሞተሩ እንደ ዲናሞ ሆኖ ከፊሉን ይመልሳል እንጂ ሁሉን አይመልስም።

ከአንዳችን አጎት ጋር ስንመጣ፣ በረሃውን ከወጣን በኋላ ባትሪው ሊያልቅ ስለ ደረሰ በአንድ ሆቴል አደርን። ጠዋት ሒሳብ ስንጠይቅ ቆጣሪ የለም፤ ባለቤቱ መኪናውን ዞር ብሎ አየና ዋጋውን በግምት ተናገረ። አጎታችንም ከፈለ፤ ምን ያድርግ! ጤፍ እንኳ ያለ ሚዛን አንገዛም።

በሰዓት ይታሰብ የሚሉ አሉ። ባትሪ ግን ፈጣን መሙያ ላይ ከ80 በመቶ ካለፈ በኋላ በዝግታ ስለሚሞላ፣ መንገደኛው ለጥቂት ኃይል ብዙ ይከፍላል። እኛ በኪሎዋት ሰዓት ይሁን እንላለን። በአዲስ አበባ ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. የከፈተው ጣቢያ በቴሌብር ያስከፍላል፤ መልካም ነው፤ ኔትዎርክ ሲጠፋ ግን ጥሬ ገንዘብም ይቀበሉ።

ሆቴል ያላችሁ ወላጆቻችን ሆይ፣ እባካችሁ ቆጣሪ አስገቡ። የዋጋውን ሰሌዳ እኛ በክረምት ዕረፍታችን ጽፈን እናመጣላችኋለን።