ለዓይደር ያለቀስነው ለልጆቹ ነበር ወይስ ለጦርነቱ?

(በመቀሌ ከተማ፣ ዓይናለም፣ ለወላጆችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር ሙሉ ቃል)



ዛሬ በአማርኛ የምናገረው ለእንግዶቻችን ብዬ ብቻ አይደለም። የዓይደር ነገር የመቀሌ ሰው የቤት ውስጥ ሐዘን ተደርጎ እንዲቀር ስለማልፈልግ ነው። ያኔ አገር ያለቀሰበት ጉዳይ ነው፤ አገር ሊሰማው ይገባል።

የሆነውን በአጭሩ ላስታውስ። ዕለቱ ዓርብ ነበር፣ ግንቦት 28 ቀን 1990 ዓ.ም.። የባድመ ጦርነት ከተጀመረ አንድ ወር እንኳ አልሞላውም። ከሰዓት በኋላ የኤርትራ የጦር አውሮፕላኖች መቀሌ ላይ መጡ። ከነዚህ ሁለቱ ክላስተር ቦምብ ጣሉ፤ የወደቀውም በዓይደር ትምህርት ቤትና በዙሪያው ባለው መንደር ላይ ነው። ክላስተር ማለት ምን እንደሆነ ለማታውቁ፣ አንዱ ትልቅ ቦምብ አየር ላይ ተከፍቶ ብዙ ትንንሽ ቦምቦችን የሚበትን መሣሪያ ነው። አንድን ነጥብ አይመታም፤ ሜዳ ሙሉ ያጭዳል።

ከሁሉ የሚያንገበግበው ደግሞ ይሄ ነው። የመጀመሪያው ቦምብ ሲወድቅ ወላጅና ጎረቤት ልጆቹን ለማንሣት ወደ ትምህርት ቤቱ ሮጠ። ሁለተኛው አውሮፕላን የደረሰው በዚህ መሐል ነው። ልጁን ሊያነሣ የጎነበሰ አባት እዚያው ቀረ።

የኤርትራና የኢትዮጵያ የካሣ ጥያቄዎች ኮሚሽን በኋላ እንዳረጋገጠው 53 ሰላማዊ ሰዎች ሞተዋል፤ ከነዚህ 12ቱ ተማሪዎች ናቸው። 185 ሰው ቆስሏል፤ 42ቱ ተማሪዎች ናቸው። በዚያው ቀን የኢትዮጵያ አውሮፕላኖች የአስመራን አውሮፕላን ማረፊያ ደብድበዋል። ማን ቀደመ በሚለው ሁለቱ መንግሥታት እስከ መጨረሻው ሲወነጃጀሉ ኖረዋል። ለሞተው ልጅ ግን ማንም ቢቀድም ያው ነው።

እንባው የት ገባ?

እስቲ ልጠይቃችሁ። ያ ሁሉ እንባ የት ገባ?

በዚያን ጊዜ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። የልጆቹ ሬሳ በቴሌቪዥን ታየ። ዓይደርን አይቶ የማያውቅ ሰው፣ መቀሌ በየት በኩል እንደሆነች የማያውቅ ሰው፣ ደረቱን መታ። ይህ ሐዘን እውነተኛ ነበር፤ ማንም ሊያናንቀው አይችልም። ነገር ግን ኢሕአዴግ ያንን ሐዘን ተቀብሎ ምን ሠራበት? የክተት ከበሮ አደረገው! ዓይደር የሰፈር ስም መሆኑ ቀርቶ መፈክር ሆነ። ከሰኔ 1990 ጀምሮ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ የኤርትራ ተወላጆች፣ ብዙዎቹ እዚሁ ተወልደው ያደጉ፣ ከቤታቸው እየተለቀሙ ድንበር ተሻገሩ። ቦምቡን የጣሉት እነሱ ነበሩ? ከዚያም እስከ ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 የአልጀርስ ስምምነት ድረስ ከሁለቱም ወገን በአስር ሺዎች የሚቆጠር ወጣት በምሽግ አለቀ። ዓይደርን ለመበቀል የሄደው ልጅም የእናት ልጅ ነበር።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉልኝ። ዓይደር ከተመታ 10 ቀን ሳይሞላ፣ ሁለቱ መንግሥታት በአሜሪካ አግባቢነት የአየር ድብደባ ለማቆም ተስማምተው ነበር። ስምምነቱ በ1991 ፈረሰ እንጂ ለወራት ቆይቷል። ስለዚህ ሰማዩን መዝጋት አይቻልም የሚለን ካለ ውሸቱን ነው። ሲፈልጉ ይችላሉ።

የሕግ ፍርድ፣ የወረቀት ፍርድ

ኮሚሽኑ ሚያዝያ 20 ቀን 1996 ፍርዱን ሰጠ። ነገሩን በጥሞና ነው የመረመረው። አውሮፕላን ማረፊያው ሕጋዊ የጦር ዒላማ ሊሆን ይችላል አለ። አብራሪዎቹ ሆን ብለው መንደሩን አነጣጥረዋል አላለም። ሆኖም ኤርትራ ሰላማዊ ሰው እንዳይጎዳ ማድረግ የሚቻለውን ጥንቃቄ ሁሉ አላደረገችም፣ ከተፈጸመም በኋላ እንዳይደገም ተገቢውን እርምጃ አልወሰደችም ሲል ኃላፊነቱን በእሷ ላይ ጣለ። ነሐሴ 11 ቀን 2001 ደግሞ የመጨረሻው የካሣ ሒሳብ ወጣ። በጦርነቱ ለደረሰው ጉዳት በድምሩ ለኢትዮጵያ 174 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ ለኤርትራ ደግሞ ከግለሰቦቹ ጋር 163 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተፈረደ። አያችሁ? ሁለቱም ከሳሽ፣ ሁለቱም ተከሳሽ፣ ሁለቱም ባለዕዳ!

ከፍርዱ ውስጥ እኔን የሚይዘኝ ግን ገንዘቡ አይደለም። «እንዳይደገም» የምትለዋ ቃል ናት። ኤርትራ እንዳይደገም ምን አደረገች ተብላ ተጠየቀች። እኛስ? የተመታነው እኛ፣ እንዳይደገም ምን አደረግን?

ሌላ አገር ልውሰዳችሁ። በመጋቢት 1988 በስኮትላንድ ደንብሌን በምትባል ትንሽ ከተማ አንድ ታጣቂ ትምህርት ቤት ገብቶ 16 ሕፃናትንና አንዲት መምህርት ገደለ። ወላጆቹ ሐዘናቸውን ይዘው ፊርማ አሰባሰቡ፣ ፓርላማውን ወጥረው ያዙ። በሁለት ዓመት ውስጥ በብሪታንያ የግል ሽጉጥ መያዝ በሕግ ተከለከለ። የእነሱ ሐዘን ሕግ ሆነ። የእኛ ሐዘን መፈክር ሆነ። ልዩነቱ ይሄ ነው።

በ2000 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ደብሊን ላይ ተሰብስበው ክላስተር ቦምብን የሚከለክል ስምምነት አጸደቁ። በልጆቿ ላይ ይህ ቦምብ የወረደባት ኢትዮጵያ ቀድማ መፈረም አልነበረባትም? አልፈረመችም። ኤርትራም አልፈረመችም። ሁለቱ መንግሥታት ባድመ ላይ አልተስማሙም፣ ቦምቡን አለመተው ላይ ግን ተስማሙ። አይ ጉድ!

ሁለተኛው ዓይደር

አሁን ወደሚያስፈራው ነገር ልምጣ፤ ሳልናገር ብወርድ ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም።

ነሐሴ 20 ቀን 2014 ዓ.ም. በዚችው መቀሌ የሕፃናት መዋያ በአየር ተመታ። ጦርነቱ ዳግም በተቀሰቀሰ በሁለተኛው ቀን መሆኑ ነው። ዩኒሴፍ ሕፃናት መሞታቸውን ገልጾ አወገዘ። ቁስለኞቹ የተወሰዱት ወዴት ነው? ወደ ዓይደር ሆስፒታል! መድኃኒት የጠፋበት፣ ሐኪሞቹ ደመወዝ ያጡበት ሆስፒታል፣ በ1990 የተመታውን ሰፈር ስም የያዘ ሆስፒታል።

በዚህ ጊዜ ግን አገር አላለቀሰም። የመንግሥት ወገን የምንመታው ወታደራዊ ዒላማ ብቻ ነው አለ፤ ሕወሓት የሐሰት የሬሳ ከረጢት በየሰፈሩ እየጣለ ነው እስከማለት ተደረሰ። በ1990 ያለቀሰው ቴሌቪዥን በ2014 አላየሁም አለ። ለምን? ልጆቹ ያው የመቀሌ ልጆች ናቸው። የተለወጠው አብራሪው ነው። በ1990 ቦምብ የጣለብን የኤርትራ መንግሥት ደግሞ በዚህ ጦርነት የፌዴራሉ መንግሥት አጋር ሆኖ ነበር።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፤ በ1990 ያለቀስነው ለልጆቹ ነበር ወይስ አብራሪው ጠላት ስለነበረ?

ይህን የምለው ስለ ትግራይ ልጅ ብቻ አይደለም። ከዚያው ዓመት ቀደም ብሎ፣ በገና ዕለት ሌሊት ታኅሣሥ 29 ቀን 2014፣ ደደቢት ላይ ተፈናቃዮች የተጠለሉበት የትምህርት ቤት ግቢ በድሮን ተመትቶ ከ50 በላይ ሰው ሞተ። ጥቅምት 26 ቀን 2016 ደግሞ በአማራ ክልል ዋደራ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት በድሮን ተመቶ ሦስት መምህራን ጨምሮ ሰባት ሰው መሞቱን የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ቢሮ ገልጿል። እኔ መምህር ነኝ። የዋደራ መምህር የእኔ ባልደረባ ነው። እሱ ሲሞት እዚህ መቀሌ ስንቶቻችን ሐዘን ተቀመጥን? የኛ ሲሞቱ ዝም ብለዋል ብለን እኛም ዝም ካልን፣ ያው ሆንን ማለት ነው።

ምን ይደረግ?

የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ኢትዮጵያ የክላስተር ቦምብን ስምምነት ትፈርም። ገንዘብ አይጠይቅም፤ ብዕር ነው የሚጠይቀው። ለዓይደር ልጆች ከሐውልት የሚበልጥ መታሰቢያ ይህ ነው።

ሁለተኛ፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል። ወረቀቱን አንብበነዋል። እንግዲህ የሕፃናቱን መዋያ፣ የደደቢትንና የዋደራን ትምህርት ቤቶች እንዲመቱ ማን አዘዘ? የሚለው ጥያቄ በነፃ ዳኛ ፊት ይቅረብ። ኤርትራን በዓለም መድረክ ከስሶ ያስፈረደ መንግሥት፣ ያንኑ ሕግ በራሱ ላይ ሲሆን ሊሸሽ አይገባውም።

ሦስተኛው ለእኛ ለራሳችን ነው። የልጆቹ ስም በአንድ መዝገብ ይጻፍ። የዓይደሩ፣ የመዋያው፣ የደደቢቱ፣ የዋደራው፣ አዎ፣ በአየር ድብደባ የሞተ የኤርትራ ልጅ ካለም የእሱ ጭምር። ይህ የከበዳችሁ ትኖራላችሁ፤ አውቃለሁ። ግን ሐዘናችን ዜግነትና ብሔር እየመረጠ እስከወረደ ድረስ፣ ማንም ባለሥልጣን ሲፈልግ ከፍቶ ሲፈልግ የሚዘጋው ቧንቧ ነው የሚሆነው።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እውነት ነው። ነገር ግን የተወጋ ሰው የሚያስታውሰው ለመውጋት ብቻ ከሆነ ማስታወሱ ምን ይጠቅማል? ዓይናለም ለአውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ናት። የመንገደኛ አውሮፕላን ሲያልፍ እንኳ ጠረጴዛ ሥር የሚገቡ ልጆች አስተምራለሁ። እነዚህ ልጆች ያ አውሮፕላን የማን እንደሆነ አይጠይቁም። እኛም ልቅሷችንን ከመጀመራችን በፊት አብራሪው ማን ነው ማለታችንን እንተው።